የቋንቋ ፈቃደኞች መዝገብና የጉልበቱ ባለቤት

የኢንተርኔት ጨዋታ ዛሬ የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ተደርጎ ሊታይ የሚችል ነገር አይደለም። በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ ብዙ ሺህ ሰዎች በአንድ ሰዓት የሚገናኙበት፣ የሚገበያዩበት፣ የሚደራጁበትና አልፎ አልፎም የሚታለሉበት መድረክ ሆኗል። ወደዚህ መድረክ አዲስ የሚገባ ሰው ሁለት ችግሮች በአንድ ጊዜ ይገጥሙታል፤ የጨዋታውን ሕግ አያውቅም፤ ሕጉ የተጻፈበትን ቋንቋም ብዙ ጊዜ አያውቅም። ጀማሪውን በገዛ ቋንቋው የሚቀበሉ ፈቃደኞችን በመዝገብ አደራጅቶ የማሰማራት ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ተጨባጭ ሁኔታ ነው። መዝገቡ እንዴት ይደራጅ? የፈቃደኛው ድካምስ የማን መጠቀሚያ ይሁን? የቀበሌ ማኅበር አባልም ሆነ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ልጁ ወይም ታናሽ ወንድሙ በዚህ ዓለም ውስጥ ሰዓታት ሲያሳልፍ እያየ፣ ጉዳዩ አይመለከተኝም ሊል አይችልም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሲሲፒ የተባለው የአይስላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ ያቀረበው ኢቭ ኦንላይን የተሰኘ የጠፈር ጨዋታ፣ የራሷ ሰርቨር ካላት ከቻይና በስተቀር፣ የየአገሩን ተጫዋች በአንድ ሰማይ ሥር ያሰባስባል። በዚህ ጨዋታ ተመትቶ የወደመ መርከብ አይመለስም፤ ባለቤቱ በብዙ ሰዓት ድካም ያፈራው ንብረት በደቂቃዎች ውስጥ ዐመድ ይሆናል። በንግድ ማጭበርበርም ቢሆን በጨዋታው ሕግ በአብዛኛው የተፈቀደ ነው። እንግዲህ ጀማሪው በገዛ ቋንቋው መጀመሪያ ሰላም የሚለው ሰው ረዳት ይሁን አታላይ በምን ይለየዋል? በይፋ የታወቀ መዝገብ ከሌለ አንዳችም መለያ የለውም። ተጫዋቾች በ2004 ኢቭ ዩኒቨርሲቲ የተባለ የጀማሪዎች ማሠልጠኛ ራሳቸው አቋቁመው በነጻ ማስተማር ጀምረዋል። ይህ የሚያስመሰግን ተግባር ነው። የማስተማሪያው ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ እጅግ የተቸገረው ጀማሪ ከበሩ ላይ ይቀራል።

ትርጉሙን ለመሣሪያ እንተወው የሚሉ ወገኖች አሉ። ይህ ሐሳብም አዲስ አይደለም። በ2002 በጃፓን የወጣው የፋይናል ፋንታሲ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ በተከታዩ ዓመት የሰሜን አሜሪካ ተጫዋቾች ሲገቡበት ከጃፓናውያን ጋር በአንድ ሰርቨር አገናኛቸው። ተጫዋቹ ከተዘጋጀ ዝርዝር አንድ ቃል ሲመርጥ ለሌላው ወገን በቋንቋው ይታየዋል። ለሰላምታና ርዳታ ለመጠየቅ ጠቅሟል። ከዚያ ወዲህ የትርጉም መሣሪያዎች እጅግ ተሻሽለዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ዳሩ ግን ጀማሪው ከቡድን ሲባረር ምን እንዳጠፋ፣ የትኛው ወግ እንደ ነውር እንደሚቆጠር፣ ማንን ማመን እንደሚገባው ቀርቦ የሚያስረዳው ሰው እንጂ መሣሪያ አይደለም።

መዝገቡ የስም ክምር እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ፈቃደኛው የሚናገረውን ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ማንበብና መጻፍ መቻሉንም ማስፈር አለበት፤ በጨዋታ ውስጥ አብዛኛው ንግግር በጽሑፍ ነውና። የአማርኛን ሁኔታ ብንመለከት ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ቢካተትም፣ በየጨዋታው የመልእክት ሳጥን ብዙው ወጣት አማርኛን በላቲን ፊደል ሲጽፍ ይታያል። በእስራኤል ወይም በአሜሪካ ያደገ ልጅ ደግሞ አማርኛ እየሰማ ፊደሉን ላያነብ ይችላል። ስለዚህ «አማርኛ» ብሎ መመዝገብ ብቻ በቂ አይሆንም።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። የእኛ ሰው «ከምሽቱ 2 ሰዓት እገኛለሁ» ብሎ ቢመዘገብ፣ ሌላው ዓለም የሚጠብቀው በሌላ ጊዜ ነው። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይህ 17:00 ሰዓት ሲሆን፣ ኢቭ ኦንላይንም የሚሠራው በዚሁ አቆጣጠር ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን ጀማሪው ቀጠሮ አክብሮ መጥቶ ማንንም ካጣ ሁለተኛ አይመለስም። መዝገቡ በየሦስት ወሩ መታደስ፣ ያልተገኘውም ሰው ያለ ወቀሳ መሰረዝ ይኖርበታል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ሕፃናት ስለሆኑም በመዝገቡ ላይ የጨዋታ ስም እንጂ የመኖሪያ አድራሻ አይጻፍ፤ አቀባበሉ ሁሉም በሚያየው መድረክ ይካሄድ፤ የይለፍ ቃል ወይም ገንዘብ የጠየቀ ፈቃደኛ በዚያው ዕለት ይሰናበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ክርክር የሚያስነሣው ጥያቄ የጉልበት ጥያቄ ነው። በ1997 በአሜሪካ የተጀመረው አልቲማ ኦንላይን «አማካሪ» የሚባሉ ፈቃደኞች ነበሩት፤ የተቸገረውን ተጫዋች ይረዱ ነበር። በ2000 ከእነርሱ አንዳንዶቹ፣ የሠራነው የሠራተኛ ሥራ ነውና ደመወዝ ይገባናል ሲሉ ኩባንያውን ከሰሱ። ከዚያ በፊት በ1999 የአሜሪካ ኦንላይን ኩባንያ ፈቃደኞች ተመሳሳይ ክስ አቅርበው ነበር። ሰዓት ተመድቦላቸው፣ ሥልጠና ወስደው፣ ሪፖርት እየጻፉ ያገለገሉ ሰዎች ናቸው። ክሱ አሥር ዓመት ያህል ተጎትቶ በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። የሁለቱም ክሶች መነሻ በ1938 የወጣው የአገሪቱ የሥራ ሕግ ነበር።

ቅራኔው ግልጽ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲረዳ መተጋገዝ ይባላል። ባለሀብት ኩባንያ በወር ክፍያ የሚያስገባውን ደንበኛ እንዲያስተናግድለት ያንኑ ጎረቤት ያለ ክፍያ ተረኛ አድርጎ ሲያሰልፍ ግን ስሙ ይለወጣል። «ጨዋታ አይደለም ወይ?» የሚል መልስ እዚህ ላይ አይሠራም። ለተጫዋቹ ጨዋታ የሆነው ለኩባንያው ገቢ ነውና። ስለሆነም መዝገቡን መያዝ፣ ደንቡን ማውጣትና ኃላፊ መምረጥ የፈቃደኞቹ የራሳቸው ሥልጣን መሆን ይኖርበታል። ኩባንያው መዝገቡ የት እንደሚገኝ ለጀማሪዎች ቢጠቁም መልካም ነው፤ ተራ ማውጣት፣ ሪፖርት መቀበልና መቅጣት ከፈለገ ግን ቀጥሮ ደመወዝ ይክፈል።

በፈቃደኞቹ መካከልም ብዝበዛ ሊኖር እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። እንግሊዝኛ ለሚናገሩት ብዙ ተተኪ አለ። የአማርኛ፣ የትግርኛ ወይም የሶማሊኛ ፈቃደኛ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ስለሚሆን፣ ጥሪው ሁሉ በእርሱ ላይ ይወድቃል፤ እንቅልፉን አጥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሰለቻል፤ ቋንቋውም ከመዝገቡ ይጠፋል። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት፣ አንድ ቋንቋ ቢያንስ ሁለት ሰው ሳይኖረው «አቀባበል አለ» ተብሎ ባይጻፍ ይሻላል። እስከዚያው በስፍራው ላይ «አንድ ሰው አለ፤ ቅዳሜ ብቻ፤ ሁለተኛ እንፈልጋለን» ተብሎ በዚያው ቋንቋ ይጻፍ።