ጠጅ እንዴት ይጣላል? ለምንስ ይኮመጥጣል?

እንደሚታወቀው ጠጅ ከጥንት ጀምሮ የአገራችን የክብር መጠጥ ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ብዙ ማር የምታመርት ስትሆን፣ ከዚሁ ማር አብዛኛው የሚውለው ለጠጅ ነው። በእኛም በቆቦና በራያ ቆላ ለሠርግ ይጣላል፤ ጠጅ ሸጠው ልጅ የሚያስተምሩ እናቶችም አሉ። ታዲያ ለእነዚህ እናቶች አንድ ጋን ጠጅ ኮመጠጠ ማለት የደብተር ገንዘብ ፈሰሰ ማለት ነው። ስለዚህ አሠራሩን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ማወቅ ይጠቅማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ጋኑ በግራዋ በደንብ ይታጠብና በወይራ ጭስ ይታጠናል። ቀጥሎ 1 እጅ ማር በ3 እጅ ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ማሩ 5 ጣሳ ቢሆን ውኃው 15 ጣሳ መሆኑ ነው። ይህ ብርዝ ይባላል። አፉ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ 2 ወይም 3 ቀን ከቆየ በኋላ የተንሳፈፈው ሰፈፍ ይገፈፋል። ሰፈፉ አይደፋም፤ ለጧፍ ይሆናል። ከዚያም ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶ የተከተከተ የጌሾ እንጨት ይቀቀልበታል፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ጋኑ ይመለሳል። በትኩሱ ከተገለበጠ ግን እርሾውን ይገድለዋል። ጥቂት ቀን ከፈላ በኋላ ጌሾው ወጥቶ ጠጁ ይጣራል። በቆላ በሳምንት ገደማ ሲደርስ፣ በደጋ እስከ 20 ቀን ሊቆይ ይችላል።

ማር ብቻውን ዓመታት ሲቀመጥ የማይፈላው፣ ውኃ ሲነካው የሚፈላው ለምንድን ነው? በጥሩ ማር ውስጥ ያለው ውኃ ከመቶ 20 እጅ ገደማ ቢሆን ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ስኳር ነው። እንዲህ ባለ ወፍራም ስኳር ውስጥ እርሾ ሊራባ አይችልም። ውኃ ሲጨመር ግን በማሩ፣ በጌሾውና በጋኑ ላይ የነበረው እርሾ ነፍስ ይዘራል፤ ስኳሩን እየበላም አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋኑን የሚያንተከትከው ይኸው ጋዝ ነው። መፍላት የሕያዋን ነገሮች ሥራ መሆኑን በ19ኛው መቶ ዓመት በምርምር ያሳየው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው።

መኮምጠጡስ? ጠጁ ከደረሰ በኋላ አየር እንደ ልብ ካገኘ ሌሎች ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል። የቆላ ሙቀት ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጋኑን ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በየሰዓቱ አለመክፈት፣ የደረሰውንም በትንንሽ ዕቃ እስከ አፉ ሞልቶ መክደን ነው። ገና እየፈላ ያለውን ግን በጠርሙስ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት አደጋ ነው፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

አንድ ነገር እንጨምር። በአካባቢያችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በድግስ አብሮ ይቀመጣል፤ ጠጅ ለማይጠጣውና ለሕፃናት የሚቀርበው ብርዝ ነው። ነገር ግን ብርዝ ጌሾ ባይገባበትም ውሎ ካደረ መፍላት ይጀምራል፤ አልኮል ያዘ ማለት ነው። እንግዳን የሚያከብር ደጋሽ ብርዙን በዕለቱ ይበጥብጥ።

ጓደኞቼ፣ ወደየትምህርት ቤቱ ስንሄድ ላቦራቶሪ የለም ብለን እጃችንን ማጣጠፍ የለብንም። በጠርሙስ ጥቂት ብርዝ አድርጎ አፉ ላይ ፊኛ ማሰር ነው። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ፊኛው እየተነፋ ይነሣል። ልጆቹም ጠጅ ሳይቀምሱ የጠጅን ትምህርት ያገኛሉ።