ሳሎን ላይ የሚበራው ፎቶ፦ ዲጂታል ፍሬም በሙስሊም ቤት



ያለፈውን ኢድ አልፈጥር ያሳለፍኩት በትውልድ ከተማዬ በመርጡለ ማርያም ነበር። በኢዱ ማግስት አንዲት የሥጋ ዘመዴን ልዘይር ሄድኩ። ባለቤታቸውን በሞት ካጡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ጂዳ የምትኖረው ልጃቸው በመንገደኛ እጅ አንድ ዲጂታል የፎቶ ፍሬም ልካላቸው ሳሎን ቡፌው ላይ አስቀምጠውታል። ፍሬሙ በየጥቂት ሰከንዱ ፎቶ ይቀይራል። የልጅ ልጆች፣ የሠርግ፣ የምርቃት ፎቶ ያልፋል፤ በመካከሉ ሟቹ አባት ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ብቅ ይላሉ።

የዐስር ሰላት ደርሶ ልንሰግድ ስንነሳ ትልቁ ልጃቸው ፍሬሙን ከሶኬት ነቅሎ ወደ ጓዳ ወሰደው። «እማ፣ ምስል ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም፤ ስንት ጊዜ ልንገርሽ?» አላቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ እኔ አባትህን የማየው በእሱ ብቻ ነው» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከሰላቱ በኋላ፣ በአንድ ወቅት ያስተማርኳት ትንሿ ልጃቸው በር ድረስ ሸኝታኝ «ቲቸር፣ እውነት ሐራም ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

በር ላይ ቆሜ የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። ተመሳሳይ ፍሬም በየቤቱ እየገባ ስለሆነና ተመሳሳይ ጭቅጭቅም እየተሰማ ስለሆነ ሰፋ ያለውን መልስ እዚህ አቀርባለሁ።

ጥንቃቄው ከየት መጣ?

መርጡለ ማርያም ስሟን ያገኘችው ከጥንታዊው ቤተ ክርስቲያኗ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ዞን እኛ ሙስሊሞች ጥቂቶች ነን፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ ሦስት እንኳ አልሞላንም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በቤታቸው ግድግዳ ሥዕል ይሰቅላሉ፤ ያ የእነሱ እምነት ነው። እኛ ቡና ስንጠጣም ሆነ ሐዘን ስንደርስ አብረናቸው እንቀመጣለን። የእኛ ቤት ግድግዳ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የካዕባን ምስል ወይም የቁርኣን አንቀጽ ይዞ ነው። አባቶቻችን በግድግዳ ላይ ምስል ሲባል የሚጠነቀቁት እንዲሁ በግትርነት አይደለም። ምስል በሚከበርበት አካባቢ የሚያድግ ልጅ ልዩነቱን በቤቱ ግድግዳ እንዲያውቅ ፈልገው ነው። ስለዚህ የትልቁን ልጅ ቁጣ ከመኮነናችን በፊት መነሻውን እንረዳለት።

ሐዲሶቹ ምን ያስተምሩናል?

በዚህ ርዕስ ላይ የመጡት ሐዲሶች ብዙ ናቸው። ለጉዳያችን የሚበቁትን አራቱን ፍሬ ሐሳባቸውን ብቻ እንይ።

አንደኛው አቡ ጦልሐ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሲሆን ውሻና ምስል ወዳለበት ቤት መላእክት እንደማይገቡ የሚናገር ነው። ዑለሞች እዚህ የተጠቀሱት የራሕመት መላእክት መሆናቸውን፣ ሥራችንን የሚመዘግቡት መላእክት ግን ከሰው እንደማይለዩ አስረድተዋል።

ሁለተኛው የእናታችን የዓኢሻ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጉዞ ሲመለሱ ምስል ያለበት መጋረጃ ቤቷ ውስጥ ተሰቅሎ አገኙና አወረዱት። እሷም ቆርጣ ትራስ አደረገችው። ያው ጨርቅ ተሰቅሎ ሲታይ ተወገዘ፤ ሰው የሚደገፍበት ትራስ ሲሆን ግን ቤት ውስጥ ቀረ። ኢማም ነወዊ የሙስሊምን ሶሒሕ ባብራሩበት ኪታባቸው የተሰቀለውንና የተከበረውን ምስል ከሚረገጠውና ከሚደገፉበት የለዩት በዚህ መነሻ ነው።

ሦስተኛው አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዓኢሻ ቤት የነበረውን መጋረጃ እንድታነሳው አዘዟት፤ ምክንያቱም ምስሎቹ በሰላታቸው ውስጥ እየመጡ ያስቸግሯቸው ነበር። ይህን ሐዲስ ያዙልኝ፤ ወደ ፍሬሙ ስንመለስ እንፈልገዋለን።

አራተኛው ሀገራችንን ይነካል። እናቶቻችን ኡሙ ሐቢባና ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ወደ ሐበሻ በተሰደዱበት ጊዜ ምስሎች ያሉበት ቤተ ክርስቲያን አይተው ነበርና ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አወሩላቸው። እሳቸውም ደግ ሰው ሲሞት በመቃብሩ ላይ የአምልኮ ቦታ መሥራትንና ምስሉን እዚያ ማኖርን አጥብቀው አወገዙ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በሱረቱ ኑሕ ስለተጠቀሱት ወድ፣ ሱዋዕ፣ የጉሥ፣ የዑቅና ነስር ሲያብራሩም፣ እነዚህ የደጋግ ሰዎች ስሞች እንደነበሩ ነግረውናል። ሰዎቹ ሲሞቱ ለማስታወሻ ምስላቸው ቆመ፤ ዕውቀት ሲጠፋና ትውልድ ሲቀየር ማስታወሻው ተመላኪ ሆነ።

ከአራቱ ሐዲሶች ሦስት ምክንያቶችን እናገኛለን፦ ምስልን ከፍ አድርጎ መስቀል፣ በሰላት ላይ የሚያመጣው መዘናጋት እና የሞተን ሰው ከልክ በላይ ወደማክበር የሚወስደው መንገድ።

ካሜራ ሲመጣ ዑለሞች ምን አሉ?

በሐዲሶቹ ዘመን ምስል በእጅ የሚሣል፣ የሚሸመን ወይም የሚቀረጽ ነበር። ካሜራ ሲመጣ ዑለሞች ተለያዩ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሼኽ ሙሐመድ በኺት አልሙጢዒ ፎቶግራፍ አላህ የፈጠረውን ሰው ጥላ መያዝ እንጂ መፍጠርን ማስመሰል አይደለም በማለት ፈቅደዋል። ሼኽ ዩሱፍ አልቀርዳዊም «አልሐላል ወልሐራም» በተባለው ኪታባቸው ይዘቱ ሐራም እስካልሆነ ድረስ ፎቶ በመሠረቱ የተፈቀደ መሆኑን ጽፈዋል።

በሌላ በኩል ሼኽ ኢብኑ ባዝና ሼኽ አልባኒ ፎቶን ከእጅ ሥዕል አልለዩትም፤ እንደ መታወቂያ ላለ አስፈላጊ ጉዳይ ካልሆነ በስተቀር ከልክለዋል። ሼኽ ኢብኑ ዑሠይሚን ከሁለቱ መካከል ናቸው። በካሜራ ማንሳትን በራሱ ከተወገዘው ሥራ ባይቆጥሩትም ፎቶን ለትዝታ ማስቀመጥንና ግድግዳ ላይ መስቀልን አልፈቀዱም።

በጥንቶቹ መዝሀቦችም ልዩነት አለ። በማሊኪዎች ዘንድ ጥላ የሌለው ጠፍጣፋ ምስል ከሐራም ይልቅ መክሩህ ነው የሚለው አቋም የታወቀ ነው። በሀገራችን በብዛት የሚታወቁት የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦች ደግሞ በተሰቀለ ምስል ላይ ጠንከር ይላሉ።

እንግዲህ «ፎቶ ሁሉ ሐራም ነው፤ የተለየ ዓሊም የለም» የሚል ሰው ኺላፉን ደብቋል። «ድሮ ነው እንጂ ዛሬ ምንም ችግር የለውም» የሚልም እንዲሁ ደብቋል።

ፍሬሙ ምን አዲስ ነገር አመጣ?

ዲጂታል ፍሬም በውስጡ ፎቶ የሚያስቀምጥ ትንሽ ስክሪን ነው። አንዳንዱ ፎቶውን ከሚሞሪ ካርድ ያነባል፤ አንዳንዱ በዋይፋይ ከስልክ ይቀበላል። እንደ ፍሬሚዮ ባሉ አፖች የሚሠራው ዓይነት ኮድ አለው። ኮዱ የተሰጠው ሰው ጂዳም ይሁን ዋሽንግተን ሆኖ የላከው ፎቶ መርጡለ ማርያም ሳሎን ውስጥ ብቅ ይላል።

ስለ ስክሪን ምስል የሚነሳው ክርክር ይህ ነው። ብዙ የዘመናችን ዑለሞች ስክሪን ላይ የሚታይ ምስል ሲጠፋ የሚጠፋ በመሆኑ ከመስታወት ጋር ያመሳስሉታል። ሼኽ ኢብኑ ዑሠይሚንም በቪዲዮ ካሴት ላይ የሚታይ ምስል ስለሌለ ካሴቱ የምስል ብይን እንደማይሰጠው ተናግረዋል። በዚህ አንጻር በፍሬሙ ሚሞሪ ውስጥ የተቀመጠ ፎቶ በስልካችን ውስጥ ካለው አይለይም።

ነገር ግን ስልኩን ኪሳችን እንከተዋለን፤ ፍሬሙ ግን ለመታየት ተብሎ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ቀኑን ሙሉም ይበራል። የተሰቀለ ምስልን የሚከለክል ሰው «ይህማ የተሰቀለ ፎቶ ነው፤ የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነው» ቢል መሠረት አለው። የእኔ አመለካከት እንዲህ ነው፦ የጠፋ ፍሬም የፎቶ ዕቃ ብቻ ነው። የበራ ፍሬም ደግሞ ብይኑ እንደሚታይበት ቦታ፣ እንደሚታይበት ሰዓትና እንደሚታየው ፎቶ ይለያያል። ከወረቀት ፎቶ የሚሻልበት ነገር ቢኖር ማጥፊያ ያለው መሆኑ ነው፤ የሚብስበት ደግሞ ራሱን በራሱ መቀያየሩ ነው።

ኺላፍ የሌለባቸው ጉዳዮች

ፎቶን የሚፈቅዱትም የሚከለክሉትም የሚስማሙባቸው ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ ከሰጋጅ ፊት ሊሆን አይገባም። ከመርጡለ ማርያም ቂብላችን ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። በሰሜኑ ግድግዳ በኩል የተቀመጠ ፍሬም ሁልጊዜ ከሰጋጁ ፊት ይሆናል። የማይንቀሳቀስ የመጋረጃ ምስል ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) በሰላት ካስቸገራቸው፣ እየበራ የሚለዋወጥ ምስልማ እኛን ምን ያደርገን? በዚያ ቀን የዘመዴ የልጅ ልጅ ከጎናችን ቆሞ ይሰግድ ነበር። ፍሬሙ ባይነቀል ኖሮ ሱጁዱን ሳይሆን ፎቶውን ይቆጥር እንደነበር አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፣ ዐውራ ነው። የሠርግ ፎቶዎች ውስጥ ሂጃብ ያላደረጉ እህቶች አሉ። አልበም ውስጥ ቢሆን ለማን እንደሚከፈት ባለቤቱ ይመርጣል። ፍሬሙ ግን ሴቶች ብቻ ሲቀመጡም፣ ባዕድ ወንድ እንግዳ ሲገባም ያንኑ ያሳያል። ይህ የእህቶቻችን አማና ነው፤ ሳይጠየቁ ፎቷቸውን ሳሎን ላይ ማብራት አይገባም።

ሦስተኛ፣ ለሟች ፎቶ የተለየ ክብር መስጠት ነው። ዙሪያውን ማስጌጥ፣ ሻማ ማብራት፣ ፎቶውን ማናገር፣ እየሳሙ ማልቀስ የኑሕ (ዐ.ሰ) ሕዝቦች የጀመሩበትን በር ይከፍታል። ሟች ከእኛ የሚጠብቀው ሌላ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ሲሞት የማይቋረጡለትን ሦስት ነገሮች ነግረውናል፦ ቀጣይ ሰደቃ፣ የሚጠቀሙበት ዕውቀት እና ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ።

ፍሬሙ ቤት ከገባ ምን እናድርግ?

የሚፈቅዱትን ዑለሞች አቋም ይዞ ፍሬም የሚጠቀም ሰው የሚከተሉትን ያድርግ።

ከቂብላ ግድግዳ ያርቀው፤ ቢቻል ከሚሰገድበት ክፍል ያውጣው። ብዙዎቹ ፍሬሞች የሚበሩበትና የሚጠፉበት ሰዓት ማስተካከያ ስላላቸው ሌሊቱን ሙሉ እንዳይበራ ያድርግ። የሰላት ወቅት ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሚለዋወጥ ሰዓቱ ላይ ብቻ አይተማመን፤ በእጁ ያጥፋው። በተለይ መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት በእኛ አካባቢ ብዙዎቹ መብራት ሲመለስ ራሳቸው ይበራሉ፤ በሰላት መሐል እንዳይበራ ከሶኬቱ መንቀል ይሻላል።

ኮዱን ለሁሉም ዘመድ አያድል። ፎቶ የሚልክ አንድ ሰው ቢሆንና እሱም አስቀድሞ ቢያጣራ ጥሩ ነው። የማይታዩ ፎቶዎች ካሉ ዛሬውኑ ይሰረዙ። ፍሬሙን ለሌላ ሰው ሲሰጥ ወይም ሲሸጥ ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ ሪሴት ያድርገው፤ አለበለዚያ የቤተሰቡ ገመና አብሮ ይሄዳል። ከሰው ፎቶ ይልቅ የሐገር ተራራ፣ የካዕባ፣ የመስጂድ ፎቶ ማድረግ የሚችል ደግሞ ከኺላፉ ወጥቶ ያርፋል፤ ነፍስ የሌለውን ነገር ምስል አብዛኞቹ ዑለሞች ፈቅደዋልና።

ወደዚያ ቤት ስንመለስ

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ለትልቁ ልጅ የያዘው አቋም የታላላቅ ዑለሞች አቋም መሆኑን፣ በገዛ ቤቱም ሊሠራበት እንደሚችል ነገርኩት። ነገር ግን ይህ ቤት የእናቱ ነው። ዑለሞች በተለያዩበት ጉዳይ እናትን በእንግዳ ፊት ማስለቀስ ዑለሞች ያልተለያዩበት ጥፋት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ ለወላጅ «ኡፍ» ማለትን እንኳ ከልክሏል። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝና ሄዶ የእናቱን ጉልበት ሳመ። በአቋሙ ግን ዛሬም እንደጸና ነው።

ለእናቱ ደግሞ «እማማ፣ ፎቷቸውን ሲያዩ ምን ይላሉ?» አልኳቸው። «ምን እላለሁ፤ አለቅሳለሁ እንጂ» አሉኝ። «እንግዲያው ባዩዋቸው ቁጥር አላሁመ ኢግፊር ለሁ ይበሉ፤ ከዚያም ያጥፉት» አልኳቸው። ልጃቸው ከጂዳ ደውላ የሠርጉን ፎቶዎች እንድትሰርዝ ተስማማች። ፍሬሙ ከሳሎን ወጥቶ እሳቸው በሚተኙበት ክፍል በደቡቡ ግድግዳ በኩል ተቀመጠ። ሲሰግዱ ከኋላቸው ነው፤ ጠፍቶም ነው።

ስወጣ ልጅየዋ አሁንም በር ላይ ጠበቀችኝ። «ስለዚህ ሐላል ነው ማለት ነው?» አለችኝ። «ልጄ፣ ዑለሞች የተለያዩበት ጉዳይ ነው ማለት ነው። አንቺ እናትሽ ዱዓ ማድረጋቸውንና ፍሬሙን ማጥፋታቸውን አስታውሻቸው» አልኳት።

ወላሁ አዕለም።