ባህር በሌለበት አገር የአሸዋ መንገድ
ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ቆላ ለሚወርድ መኪና

በአሸዋ ላይ ስለ መንዳት ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን የባህር ዳርቻ ወይም የሰሃራ በረሃ ነው። ከአገራችን የሚጠቅስ ሰው ቢገኝም አፋርን ከመጥራት አያልፍም። ዋግ ኽምራ የተራራና የገደል አገር ተደርጎ ነው የሚታሰበው። ይሁን እንጂ ለመስክ ሥራ ወደዚያ የተመላለሰ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ፣ ወደ ዝቋላና ወደ ሰሃላ ሰየምት የሚወርድ መኪና የሚፈተነው ገደሉ ላይ ብቻ አይደለም። ቁልቁለቱን በሰላም ጨርሶ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ይዞት የሚያድርም አለ። (ዝቋላ ስንል ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን ተራራ ሳይሆን ዋና ከተማው ጽጽቃ የሆነውን የዋግ ወረዳ ማለታችን ነው።)

አሸዋው የመጣው ከደጋው ነው። በተራቆተው ተዳፋት ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ አፈሩንና ጠጠሩን ጠርጎ ወደ ተከዜ ገባሮች ይከታል። ወንዙ ገደሉን ጨርሶ ሜዳ ሲያገኝ ጉልበቱ ይደክማል። ደቃቁን ደለል ይዞ ሲቀጥል ከባዱን አሸዋ እዚያው ይጥለዋል። በበጋ ውሃው ከአሸዋው ሥር ይገባና ከላይ ሲያዩት ለጥ ያለ መንገድ የሚመስል ሜዳ ይቀራል። እንግዲህ ጎማ የሚውጠው አሸዋ የደጋው ገበሬ ካጣው መሬት የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

አሸዋ ላይ መኪናን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ የሞተር አቅም ማነስ አይደለም። የመኪናው ክብደት በአራት ትንንሽ ቦታዎች ላይ ብቻ ማረፉ ነው። በአስፋልት ላይ እንደተለመደው ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ መሬት የሚነካው በጠባብ ቦታ ስለሆነ አሸዋውን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ንፋሱ በግማሽ ሲቀነስ ግን ጎማው ይለጠጣል፤ መሬት የሚነካው ክፍልም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጎማው የሚረዝመው በይበልጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመሆኑ ልክ እንደ ታንክ ሰንሰለት በአሸዋው ላይ ይሄዳል እንጂ አይቆፍርም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ራልፍ ባግኖልድ የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የሊቢያን በረሃ በተራ መኪና ሲያቋርጥ ከተጠቀመባቸው ዘዴዎች ዋነኞቹ የጎማ ንፋስ መቀነስና ከተቀበረ ጎማ ሥር የብረት ሳንቃ ማንጠፍ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1940 በጣሊያን ጦር ላይ በበረሃ የዘመተውን የአሰሳ ጓድ የመሠረተውም እሱ ነው። ከሰማንያ ዓመታት በኋላም ዘዴው ያው ነው።

በተግባር ሲታይ፣ ረጅም የአሸዋ ወንዝ ከመግባት በፊት ንፋሱን ወደ 20 ፒኤስአይ አካባቢ ማውረድ ለአብዛኛው ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ይበቃል። ጭነት የበዛበት መኪና ጥቂት ከፍ ይላል። መኪናው ከተያዘ እስከ 15 መውረድ ይቻላል፤ ከዚያ በታች ግን ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ንፋሱ የቀነሰ ጎማ በፍጥነት አይነዳም፣ መሪም በኃይል አይጠመዘዝበትም። አሸዋው እንዳለቀ መልሶ መንፋት ግዴታ ነው። በለሰለሰ ጎማ ኮረኮንች ላይ መብረር ጎማውን ያግለዋል፣ ጎኑንም ለሾለ ድንጋይ ያጋልጠዋል። በእነዚህ ወረዳዎች ጎሚስታ በየመንገዱ ስለማይገኝ የንፋስ መለኪያና በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕረሰር ሳይዙ ከሰቆጣ መውጣት አይመከርም።

ሁለተኛው ጉዳይ ማርሹ ነው። በድሮ ሃርድቶፖች የፊት ጎማዎች መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለ። እሱ ካልተቆለፈ ሾፌሩ ውስጥ ሆኖ ባለ አራቱን ማርሽ ቢያስገባም የሚገፋው የኋላው ጎማ ብቻ ነው። ይህን ረስተው «መኪናው አቅም የለውም» የሚሉ ጥቂት አይደሉም። መቆለፍም ማርሽ መምረጥም የሚገባው አሸዋው ውስጥ ሳይሆን ደረቁ ላይ ቆሞ ነው። አሸዋ መሃል ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን በተረገጠበት ቅጽበት መኪናው ይቆማል፤ አንዴ ከቆመ ደግሞ መነሳቱ ከባድ ነው።

ከመግባት በፊት ወርዶ በእግር መሻገር የግማሽ ቀን ድካም ያድናል። እግር የሚሰጥምበት ቦታ ጎማም ይሰጥማል። ከላይ ደርቆ ከሥሩ ውሃ ያለበት አሸዋ ደግሞ ከደረቁ ይብሳል። ቀደም ብሎ ሌላ መኪና ያለፈበት ፋና ካለ እሱን ይዞ፣ መሪን ቀጥ አድርጎ፣ ሳይጣደፉና ሳይቆሙ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ማለፍ ነው። ማቆም ካስፈለገም ፍሬን ከመርገጥ ነዳጁን ለቆ መኪናው በራሱ እንዲቆም መተው ይሻላል። በፍሬን ሲቆም ከጎማው ፊት የአሸዋ ክምር ይሠራል።

መኪናው ከተያዘ ትልቁ ስህተት ነዳጅ መጨመር ነው። ጎማው በቦታው በዞረ ቁጥር ይቆፍራል፤ ሆዱ አሸዋ ላይ ከተኛ በኋላ አራቱም ጎማ ቢዞር ፋይዳ የለውም። ተሳፋሪው ይውረድ፣ ንፋሱ ይቀነስ፣ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ያለው አሸዋ በአካፋ ይጠረግ። ከዚያም በገባበት ፋና ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መውጣት ከሁሉ ይቀላል። ክሪክ ለመጠቀም ከሥሩ ጠፍጣፋ እንጨት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሚሰጥመው ክሪኩ ራሱ ነው።

ከአሸዋው በላይ የሚያስፈራው ግን ደራሽ ጎርፍ ነው። ቆላው ላይ ፀሐይ እየወጣ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በደረቁ ወንዝ ውስጥ በድንገት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በወንዝ ውስጥ መኪና አቁሞ ምሳ መብላት፣ በጥላው ማረፍና ማደር በፍጹም አይገባም። የሚፈስ ውሃ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው ትንሽ መኪናን ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ደግሞ ትልቁንም ሊወስድ ይችላል። የአካባቢው ሰው «ቆይ ይጉደል» ሲል መቆየት ነው።

የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሌላም ነገር ተጨምሯል። በበጋ የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ ከላዩ የደረቀ የሚመስል፣ ከውስጡ ግን ለስላሳ ደለል የሆነ ዳርቻ ይተዋል። አገሪቱ ባህር ባይኖራትም የባህር ዳርቻ ነጂዎች የሚፈሩት እርጥብ መሬት እዚህ አለ ማለት ነው። ለእሱ የንፋስ መቀነስም ብዙ አይረዳም፤ የሚሻለው ከዳርቻው ርቆ በለመደ መንገድ መሄድ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። ግን በመስክ መኪና ውስጥ «ፍጠን፣ ስብሰባው ሊያልፈን ነው» የሚለው ብዙውን ጊዜ ከጎኑ የተቀመጠው አለቃ ነው። ሾፌሩ «ጋሼ፣ ወርጄ ልየው» ሲል አሥር ደቂቃ መስጠት የአለቃው ሥራ ነው። መንገዱ ክፍት ስለመሆኑና ስለ ጸጥታው ሁኔታ ሰቆጣ ላይ ሳይጠይቁ መነሳትም እንዲሁ የአለቃው ጥፋት ነው።

በደረቁ ወንዝ አሸዋውን ቆፍሮ ውሃ የሚቀዳ ሰውም አለ። ጉድጓዱ ለሾፌሩ እንቅፋት ቢሆንም ለቤተሰቡ መጠጥ ነውና ዞሮ ማለፍ ይገባል። መኪና ሲያዝ ሥራውን ትቶ አካፋ ይዞ የሚመጣውም ይኸው ሰው ነው፤ ድካሙ በምስጋና ብቻ መታለፍ የለበትም። ከተያዘው መኪና ኋላ ደግሞ ምጥ የያዛት እናት የጫነ አምቡላንስ ሊመጣ ይችላል። አንድ ላንድክሩዘር መሻገሪያውን ዘግቶ ባደረበት ሌሊት የሚጎዳው መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ብቻ አይደለም።