ሰማያዊ ጠርዝ ያወጣ ማጭድ

ክረምቱ አልፎ በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ግቢዎች ሣሩ ሲከብድ፣ ማጭዱም የሣር ማጨጃ ማሽኑም ከየጓዳው ይወጣል። ምክሩም አብሮ ይወጣል፤ አንዳንዱ ስለት ያበላሻል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ግራይንደር ላይ ብልጭ ካላለ አልተሳለም» የሚለው ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከገባ ወዲህ ከባቡር መጠገኛው ጎን ባደገ ሰፈር ይህን መስማት ይከነክነኛል። ብልጭታው የሚናገረው ብረቱ እየተበላ መሆኑን ብቻ ነው። ቀጥቃጭ ማጭዱን ብዙ ጊዜ ከመኪና ባሌስትራ ይሠራል፤ ቅርጹን ካስያዘው በኋላ አግሎ ይነክረዋል። ስለቱን የሚሸከመው ጥንካሬ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስሱ ጠርዝ በዲስኩ ፍትጊያ ወደ 300 ዲግሪ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል፤ ያ ቦታ ለስልሷል። ለጊዜው ስል ይመስላል፣ ጥቂት እቅፍ ሣር እንዳጨደ ግን ይዶለድማል። «ውኃ ውስጥ ንከረው፣ ይመለሳል» ይባላል፤ አይመለስም። መንከሩ የሚጠቅመው ቀለሙ ከመለወጡ በፊት፣ ቶሎ ቶሎ ሲሆን ነው። ሰማያዊው ከወጣ መፍትሔው ያ ክፍል እስኪያልቅ በሞረድ ቀስ ብሎ መሞረድ ወይም ወደ ቀጥቃጩ መመለስ ነው። ለዕለት ተዕለቱማ ሞረድና መሳያ ድንጋይ ይበቃሉ።

«ጥርሳም ማጭድ ካለቀ ይጣላል» የሚሉም አሉ። ጭረቱ በአንድ ገጽ ብቻ ከሆነ፣ ለስላሳው ገጽ ሲሳል ጥርሱ እንደገና ብቅ ይላል። ጭረቱን ራሱን መሞረድ ነው ማጭዱን የሚገድለው።

ወደ ማሽኑ ስንመጣ፣ «የደነዘው ጫፍ ብቻ ይሳል» ይባላል። ቢላው በደቂቃ ወደ 3,000 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ጫፍ ከቀለለ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታውም ይበላል። የተሳለውን ቢላ በመሃል ቀዳዳው ሚስማር ላይ ያንጠልጥሉት፤ ወደ ታች ካዘነበለው ጫፍ ጥቂት ሞርደው ያስተካክሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የካንዴላው ገመድ ይነቀል። ቢላውን በእጅ ሲያዞሩት ሞተሩ ሊነሣ ይችላል፤ ጣት የሚጠፋው እንዲህ ነው።

የመጨረሻው፣ «የተሰነጠቀ ቢላ በብየዳ ይድናል» የሚለው ነው። የብየዳው ሙቀት ዙሪያውን ያለውን ብረት ተሰባሪ ያደርገዋል፤ በዚያ ፍጥነት የተሰበረ ቁራጭ ሰው ይገድላል። እንዲህ ያለውን ቢላ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይገጥመው ለሁለት ቆርጠው ይጣሉት።