ወንጪ ላይ በጀልባ ስትሻገሩ ከብርዱ እንዴት ትጠበቃላችሁ?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ነገር አለ። «ዶክተር፣ ቅዳሜ ወንጪ ልንሄድ ነው፤ ጀልባ ላይ ብርዱን እንዴት እንቻለው? ትንሽ አረቄ ብንይዝስ?» የሚል ነው። አረቄውን ተዉት። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። አምቦ ከተማ 2,100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። የወንጪ ሐይቅ ዙሪያ ገመገም ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በግምት 6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለአምቦ የሚበቃ ልብስ ለወንጪ አይበቃም። የጎጆና የጀልዱ ልጆች ደጋ ስለምትኖሩ ይሄን ታውቁታላችሁ፤ የሚቸገረው ከአምቦና ከአዲስ አበባ በሸሚዝ የሚመጣው ነው።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ደግሞ በብርዱ ብቻ ሳይሆን በእርጥበቱ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ያህል በፍጥነት ይወስዳል። ወደ ሐይቁ በእግር ስትወርዱ ያልባችኋል። ከዚያ ላብ በነካው ልብስ ጀልባ ላይ ቁጭ ትላላችሁ፣ ነፋሱ ይመጣል፣ ከቀዘፋው ውሃ ይረጫል። ያኔ ነው መንቀጥቀጥ የሚጀምረው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲጨመርበት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በውርጩ ጠዋት ይብሳል።

ከመሳፈራችሁ በፊት፦

1. ላብ የነካውን ካናቴራ ቀይሩ። ቅያሪ ልብስ በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ።

2. ከአንድ ወፍራም ልብስ ሁለት ሦስት ስስ ደራርባችሁ ልበሱ፤ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ይሁን። የሱፍ ሹራብ ረጥቦም ትንሽ ያሞቃል። ጋቢ ግን ጥጥ ስለሆነ ከረጠበ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል። ደግሞ ጋቢ ተጠቅልሎ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው እጁን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። ጋቢውን ከተሻገራችሁ በኋላ ድረቡት።

3. ላይፍ ጃኬት ከሁሉም ልብስ በላይ፣ ተቆልፎ ይለበስ። «ዋና እችላለሁ» አይሠራም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ አየር በኃይል ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ዋናተኛም ይሰምጣል። ጃኬት ከሌለ ወይም ጀልባው ከሞላ ቀጣዩን ጠብቁ።

4. ወደ ቂርቆስ ገዳም የምትሻገሩ በተለይ በጾም ወቅት እናቶችንና አባቶችን አስቡ። ሆድ ባዶ ሲሆን ሰውነት ሙቀት የሚያመነጭበት ነዳጅ ያጥረዋል። አዛውንትና ሕፃናት ደግሞ ከእኛ ቀድመው ይቀዘቅዛሉ። መሃል ላይ አስቀምጧቸው፣ ከነፋሱ ጋርዷቸው።

አንድ ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ?

የወደቃችሁት እናንተ ከሆናችሁ ለመዋኘት አትታገሉ። መጀመሪያ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተንሳፈፉ፤ ትንፋሻችሁ ይረጋጋል። ከዚያ እጃችሁ ሳይደነዝዝ ጀልባውን ያዙ። በ1912 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ታይታኒክ ስትሰምጥ ላይፍ ጃኬት ለብሰው ውሃው ውስጥ ከቀሩት አብዛኞቹን የገደላቸው ብርዱ ነው። የእኛ ሐይቅ እንደዚያ በረዷማ አይደለም፤ ግን ጃኬቱ የሚሰጣችሁ ጊዜ ነው፣ ጊዜውን ከውሃው ቶሎ ለመውጣት ተጠቀሙበት።

ያወጣችሁትን ሰው እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ አድርቁ፣ ደረቅ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አልብሱ፣ ጭንቅላቱን ሸፍኑ። ነቅቶ የሚውጥ ከሆነ ስኳር የበዛበት ሙቅ ሻይ ስጡ። እጅ እግሩን አትሹት፣ እሳት ላይም አታስጠጉት።

ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ከተደናገረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አልቀረም። መንቀጥቀጡ ቆመ ብላችሁም ደስ አይበላችሁ። ሳይሞቀው ከቆመ ሰውነቱ አቅም አጥቷል ማለት ነው። አጋድማችሁ በእርጋታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የማይተነፍስ ከሆነ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ወዲያው ጀምሩ። ሰውነቱ ስለቀዘቀዘ ብቻ «ሞቷል» ብላችሁ አትተዉት።

አረቄውስ? አልኮል ቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮችን ያሰፋል። የሞቃችሁ ይመስላችኋል እንጂ ሙቀቱ ከውስጥ ወደ ውጭ እየወጣ ነው። መንቀጥቀጥንም ይቀንሳል፣ ሚዛንንም ያስታል። ጀልባ ላይ ሚዛን መሳት ምን እንደሚያመጣ መናገር አያስፈልገኝም።

የመጨረሻው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። በርዷችሁ፣ ረጥባችሁ ስትመለሱ ከሰል አቀጣጥላችሁ ድንኳን፣ መኪና ወይም የተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳትተኙ። «ከሰሉ ደህና ተያይዟል፣ ጭስ የለውም» ይባላል። ገዳዩ ግን ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ከደማችን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይጣበቃል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ ከጀመራችሁ፣ በተለይ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ካመመው፣ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡና ሕክምና ሂዱ። ከሰሉን ደጅ ሙቁት፣ ስትተኙ ደጅ ተዉት።

ሽርሽሩ ይመቻችሁ። ወንጪ የሚሄድ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት፤ ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ።

መልካም ጤንነት!