ልጃችሁን በትምህርት ቤት የሚያነጋግረው ባለሙያ ማን ነው?

በእንግሊዝ አገር የምትኖሩ ወላጆች፣ ከልጃችሁ ትምህርት ቤት «የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያነጋግረው ፍቀዱ» የሚል ደብዳቤ ቢደርሳችሁ አትደንግጡ። ልጁ አበደ ማለት አይደለም።

ይህ ሥራ የመጣው መንግሥት በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ዕቅድ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች በ2019 ጀምረዋል። ሥልጠናው አንድ ዓመት ነው። ባለሙያው ሐኪም አይደለም፤ መድኃኒት አያዝም። ጭንቀቱ ወይም ድብርቱ ገና ሳይከብድ ልጁን ይረዳል። ለምሳሌ ክፍል ውስጥ መናገር የምትፈራን ልጅ ፍርሃቷን ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ ያስጽፋታል። መጀመሪያ ለአንዲት ጓደኛዋ ታነባለች፤ ቀጥሎ ለሦስት ልጆች፤ ከዚያ ለክፍሉ። በየደረጃው ፍርሃቱ እስኪበርድ ድረስ አትሸሽም። ይህ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። ልጁ ትንሽ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የሚማረው ወላጁ ነው (ይህን ብዙዎቻችን አንወደውም!)። ችግሩ ከባድ ከሆነ ወደ ልዩ ሐኪሞች ይመራዋል።

«እኛ እንጸልይለታለን» ብለው ደብዳቤውን የሚመልሱ ወገኖች አሉ። ጸልዩ፤ ነገር ግን ጥርሱን ሲያመው ጸልያችሁ ሐኪም ቤት ትወስዱት የለም ወይ?

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጁን ራሱን ግን አታስተርጉሙት፤ የከበደውን ነገር በእናቱ ፊት ዘልሎት ያልፋል።