«አላመመኝም» ማለት «ጤነኛ ነኝ» ማለት አይደለም

በካርቲየ 1 የማታ ክፍላችን ስለ አባላዘር በሽታዎች ስናስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ምንም ካላመመኝ ለምን እመረመራለሁ?» ብሎ ጠየቀን። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የብዙዎቻችን ነው።

አገር ቤት ሳለን ስለ ጨብጥና ቂጥኝ የሰማነው ሽንት ሲያቃጥል፣ ፈሳሽ ሲወጣ ወይም ቁስል ሲታይ ነው። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎችም ላቦራቶሪ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሕክምናው ለረጅም ዘመን በሚታየው ምልክት ሲሰጥ ቆይቷል። ይህ ብዙ ሰው ጠቅሟል። ምልክት የሌለው ሰው ግን መጀመሪያውኑ ጤና ጣቢያ ስለማይሄድ ሳይታከም ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ብቻ በክላሚዲያ፣ በጨብጥ፣ በቂጥኝና በትሪኮሞናስ 374 ሚሊዮን ገደማ አዲስ መያዝ እንደነበረ ገምቷል። አብዛኛው ምልክት የለውም። ክላሚዲያ በተለይ በሴቶች ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጥና የማህፀን ቱቦን ጎድቶ መካን ሊያደርግ ይችላል። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል አያምም፤ በጥቂት ሳምንታት በራሱ ይድናል። ቁስሉ ዳነ እንጂ በሽታው አልዳነም፤ ከዓመታት በኋላ ልብንና አንጎልን ሊጎዳ፣ ነፍሰ ጡር ላይ ከሆነ ደግሞ ጽንሱን ሊገድል ይችላል። ኤች አይ ቪም ለዓመታት ሳይታወቅ ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ነፍሰ ጡር እናቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት ስለሚመረመሩ በሽታው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገኘው በሚስት ላይ ነው። ያኔ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» ይባልና ትዳር ይፈርሳል። ነገር ግን ቀድሞ የተመረመረ ሰው ቀድሞ የተያዘ ሰው ማለት አይደለም። ባልየው ምንም ሳያመው ለዓመታት ይዞት ሊሆን ይችላል። ምርመራው ማን እንዳመጣው አይናገርም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጥርጣሬ ካለን ሳያመን እንመርመር። ጓደኛ የተረፈውን ኪኒን አንዋጥ። ባለትዳሮች አብረው ይታከሙ፤ አንዱ ብቻ ከታከመ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ኮንዶም በትክክል እንጠቀም። ክላሚዲያ፣ ጨብጥና ቂጥኝ በመድኃኒት ይድናሉ፤ ቂጥኝ በጊዜ ከተደረሰበት አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ይበቃዋል።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እነዚህ በሽታዎች ግን ሳንደብቃቸውም ራሳቸው ይደበቃሉ። ስለዚህ መምህራን በክፍል፣ ተማሪዎችም በየቤታችሁ ሳታፍሩ ተነጋገሩበት።